ሦስት ገነቶች፣ አንድ አጥር፦ ስለ ደቡብ አፍሪካው የቅንጦት ጉዞ

በአፍሪካ ስም ከሚሸጡ የቅንጦት ጉዞዎች መካከል እንደ ደቡብ አፍሪካው የተዋጣለት ጥቂት ነው። የወኪሎቹ ስም ይለያያል እንጂ ዕቃው አንድ ነው፤ አሥር ቀን ገደማ፣ ሦስት ማረፊያ። መጀመሪያ ኬፕ ታውን፦ ውቅያኖሱ፣ ቴብል ማውንቴን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ከአልጋ ላይ ሆነው የሚያዩበት ሆቴል። ቀጥሎ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ የሚርቀው የወይን አገር፦ ስቴለንቦሽና ፍራንስሁክ፣ በኖራ የነጡ የጥንት የሆላንድ ቤቶች፣ ከምሳ ጋር የሚቀርብ የወይን ጠጅ ቅምሻ። በመጨረሻ በአውሮፕላን ወደ ሰሜን ምሥራቅ፦ ክሩገር ብሔራዊ ፓርክና በጎኑ የተሰለፉት የግል የዱር እንስሳት ክልሎች፣ ጎኑ ክፍት በሆነ መኪና የሚደረግ የአንበሳና የነብር ፍለጋ። ከኬፕ ታውን ተነስቶ ፓርኩ ውስጥ የሚያሳርፍ በረራ አለ። ስለዚህ ቱሪስቱ በመሐል ያለውን አገር በደመና ላይ ያልፈዋል። ደቡብ አፍሪካን ሳያይ ደቡብ አፍሪካን ጎብኝቶ ይመለሳል።

ዋጋውም የዋዛ አይደለም። ስመ ጥር የሆኑት የሳቢ ሳንድ ሎጆች ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ሌሊት ከ1,000 ዶላር በላይ ያስከፍላሉ። የዚህን እጥፍ የሚጠይቁም አሉ።

ውበቱን መካድ ሞኝነት ነው። ተራራው ያምራል፣ ወይን ጠጁ ጥሩ ነው፣ ዝሆኑም እውነተኛ ዝሆን ነው። ጠቡ ከውበቱ ጋር አይደለም፤ ውበቱ ከሚሸጥበት ዝምታ ጋር ነው። ሦስቱም ገነቶች የተሠሩት በአንድ ዘዴ ነው። መጀመሪያ ሰው ይነሳል፤ ቀጥሎ አጥር ይታጠራል፤ ከዚያ ቦታው “ያልተነካ” ተብሎ ለገበያ ይቀርባል። ይህ ዘዴ ዛሬ በመላ አህጉሩ “የቱሪዝም ስኬት” እየተባለ እንደ አርአያ ስለሚታይ፣ ምን ላይ እንደቆመ ከወዲሁ ማወቅ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ባሕሩ

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል ያገራችን ሰው። በኬፕ ታውን የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ባለቤቱን የናቀ እንግዳ መጥቶ በባለቤቱ ላይ አጥር አጠረ።

የኔዘርላንድ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሹም ያን ቫን ሪቤክ ሚያዝያ 1652 ወደ ባሕረ ሰላጤው ሲደርስ መሬቱ ሰው ነበረበት። ኮይኮይ የሚባሉት አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን በተራራው ሥር ያግጡ ነበር። ኩባንያው መጀመሪያ ከብት ገዛቸው፤ ቀጥሎ የግጦሽ መሬታቸውን ለሰፋሪዎች አደለ። በ1659 ጦርነት ተነሳ። ጦርነቱ ሲያበቃ በ1660 ቫን ሪቤክ ኮይኮዮች ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ቀድሞ መሬታቸው እንዳይመለሱ የመራራ ለውዝ ዛፍ አጥር አስተከለ።

ያ አጥር ዛሬም አለ። ቅሪቱ ኪርስተንቦሽ በሚባለው ዝነኛ የዕፅዋት ማዕከል ውስጥ ይታያል። ማዕከሉ የቅንጦት ጉዞው አንዱ ማረፊያ ነው። ቱሪስቶች በአጠገቡ ብርድ ልብስ አንጥፈው ምሳቸውን ይበላሉ። በደቡብ አፍሪካ ምድር ሰውን ከሰው ለመለየት ከተሠሩት አጥሮች የመጀመሪያው ከሚባሉት አንዱ ዛሬ የሽርሽር ጥላ ሆኗል።

ከ300 ዓመት በኋላ ይኸው ሥራ በሕግ ተደገመ። በ1950 የወጣው የሰፈራ ክልል ሕግ እያንዳንዱ ዘር የት መኖር እንዳለበት ደነገገ። የካቲት 1966 በከተማው እምብርት፣ በተራራው ግርጌ የሚገኘው ዲስትሪክት ሲክስ የተባለው ሰፈር “የነጮች” ተብሎ ታወጀ። ሰፈሩ የወደብ ሠራተኛው፣ የልብስ ሰፊው፣ የሙዚቀኛው፣ የእስላሙ፣ የክርስቲያኑና የአይሁዱ ሰፈር ነበር። ከ60,000 በላይ ሰዎች ተነስተው ኬፕ ፍላትስ ወደሚባለው ነፋስ ወደሚጠርገው አሸዋማ ሜዳ ተጣሉ። ቤቶቹ በቡልዶዘር ፈረሱ፤ የቀሩት ቤተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ናቸው። የሚገርመው ግን የተጸዳው መሬት ሰፊ ክፍል አፓርታይድ ከወደቀ 30 ዓመት አልፎትም ሣር ለብሶ መቀመጡ ነው። የተመለሱት ቤተሰቦች ከተባረሩት ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጥቂት ናቸው።

የተባረሩት ሰዎች ልጆች ጠፍተው አልጠፉም። በየማለዳው ከኬፕ ፍላትስ በታክሲ ተጋፍተው እየመጡ የሆቴሉን አልጋ ያነጥፋሉ፣ ሳህኑን ያጥባሉ፣ በር ይጠብቃሉ፤ ማታ ተመልሰው ይሄዳሉ። ቱሪስቱም ሰፈራቸውን ያያል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማው በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳርና ዳር የቆርቆሮ ቤቶቹ ተደርድረዋል። በመኪናው ጥቁር መስታወት በኩል ለጥቂት ደቂቃ ያያቸውና ያልፋል።

“ኧረ ታሪኩ ይነገራል፤ ሮበን ደሴት በጉዞው ውስጥ አለች” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አለች። ጎብኚው በጀልባ ተሻግሮ ኔልሰን ማንዴላ ከ27 የእስር ዓመታቱ 18ቱን ያሳለፈባትን ክፍል ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ለምሳ ይመለሳል። ሆኖም ልብ ላለው ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። በዚህ ጉዞ ውስጥ ግፍ የሚታየው ባሕር ተሻግሮ ባለ ደሴት ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ያለፈና የተዘጋ ሆኖ። ሆቴሉ የቆመበት መሬት የማን እንደነበር የሚነግር ጀልባ የለም።

፪. ወይኑ

የወይን አገሩ ማስታወቂያ የሚጀምረው ከቀን ነው። የካቲት 2 ቀን 1659 ቫን ሪቤክ በኬፕ የመጀመሪያው ወይን መጨመቁን በመዝገቡ አሰፈረ። ይህች ቀን በየጠርሙሱ ታሪክ ላይ ትገኛለች። ከእሷ አንድ ዓመት ቀድሞ የሆነው ግን አይገኝም፤ በ1658 የመጀመሪያዎቹ የባሪያ መርከቦች ኬፕ ደርሰዋል። ባሪያው ከወይኑ አንድ ዓመት ይቀድማል።

ከዚያ ወዲህ የተጻፈው ሁሉ በዚህ ቅደም ተከተል የተጻፈ ነው። በ1679 ስቴለንቦሽ ተቆረቆረች። በዚያው ዓመት በኬፕ ታውን የኩባንያው ባሮች የሚታጎሩበት ቤት ተሠራ፤ ሕንፃው ዛሬ ሙዚየም ነው። በ1688 በሃይማኖታቸው የተሰደዱ ፈረንሳውያን መጥተው ፍራንስሁክ፣ ማለትም “የፈረንሳዮች ጥግ” በተባለው ሸለቆ ሰፈሩ። ማስታወቂያው የእነሱን ስደት በፍቅር ይተርካል። ከማዳጋስካር፣ ከሞዛምቢክ፣ ከሕንድና ከኢንዶኔዥያ በሰንሰለት ስለመጡት ግን ቃል አይተነፍስም። አንዱ ስደተኛ በስሙ ሸለቆ ተሰየመለት፤ ሌላው ስሙንም ተቀማ። ብዙ ባሮች በተሸጡበት ወር ስም ይጠሩ ስለነበር ዛሬም በኬፕ “ሴፕቴምበር”፣ “ፌብሩዋሪ” የሚባል የቤተሰብ ስም ያላቸው ሰዎች አሉ።

በ1834 እንግሊዞች ባርነትን ሻሩ። ካሳ ተከፈለ፤ የተከፈለው ግን ለባለቤቶቹ ነው። ባሮቹ አራት ተጨማሪ ዓመት “የሥራ ልምምድ” በሚል ስም ለዚያው ጌታ እንዲሠሩ ተደረገ። ነጻ ሲወጡ መሬት አልነበራቸውምና ብዙዎቹ ወደዚያው እርሻ ተመለሱ። ያን ጊዜ ገበሬዎቹ ሠራተኛ የሚያስሩበትን ሌላ ገመድ አጠበቁ፤ ዶፕ ይባላል። ዶፕ ማለት ከደመወዝ ከፊሉን በወይን ጠጅ መክፈል ነው፤ ያውም በቀን ብዙ ጊዜ፣ ከማለዳ ጀምሮ፣ ለሽያጭ የማይበቃውን አተላ። በ1960ዎቹ በሕግ ተከለከለ፤ በተግባር ግን እስከ 1990ዎቹ ዘልቋል።

የዚህ ልማድ ዕዳ ዛሬም እየተከፈለ ነው። እናታቸው በእርግዝና በጠጣችው አልኮል ምክንያት የአእምሮና የአካል ጉዳት ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር በዓለም ከፍተኛ ከሚባልባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው የምዕራብ ኬፕ የወይን አገር ነው። ቱሪስቱ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ቀለሙን በሚያደንቅበት ሸለቆ፣ በዚያው ወይን የተጎዳ ሕፃን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ፊደል መለየት ያቅተዋል።

“ይህ የጥንት ነገር ነው” ለሚል ደግሞ ቅርቡ አለ። ኅዳር 2012 ደ ዶርንስ በተባለችው የወይን ሸለቆ ከተማ የእርሻ ሠራተኞች አድማ መቱ። እዚያ የሚመረተው ባብዛኛው ለመብል የሚሆን ወይን ነው፤ አድማው ግን ወዲያው ወደ ሌሎቹ የወይን አካባቢዎች ተዛመተ። በወቅቱ የቀን ዝቅተኛው ክፍያ 69 ራንድ ነበር፤ በጊዜው ምንዛሪ 8 ዶላር ገደማ። ሠራተኞቹ 150 ራንድ ጠየቁ። መንገድ ተዘጋ፣ እርሻ ተቃጠለ፣ ፖሊስ የጎማ ጥይት ተኮሰ። ከመጋቢት 2013 ጀምሮ ወለሉ 105 ራንድ ሆነ። የእርሻ ሠራተኛ ዝቅተኛ ክፍያ ከሌላው ሠራተኛ ጋር እኩል የሆነው ገና በ2021 ነው።

ሒሳቡን ማስላት ቀላል ነው። በመጋቢት 2025 የአገሪቱ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 28.79 ራንድ ሆነ። አንድ ዶላር 18 ራንድ ነው ብለን ብንይዝ፣ የአንድ ሌሊት የሳፋሪ አልጋ የሚጠይቀው 1,000 ዶላር 18,000 ራንድ ይሆናል። ይህን ለማግኘት በዚያ ዝቅተኛ ክፍያ የሚሠራ ወይን ለቃሚ 625 ሰዓት መሥራት ነበረበት። በሳምንት 45 ሰዓት ቢሠራ 14 ሳምንት ገደማ ነው። የአንድ ሰው አንድ ሌሊት፣ የሌላው ሰው ሦስት ወር ከምናምን።

ከስቴለንቦሽ ዳር ካያማንዲ የሚባል የጥቁሮች ሰፈር አለ። ስሙ በኮሳ ቋንቋ “ያማረ ቤት” እንደማለት ነው። የቆርቆሮ ጣሪያዎቹ ኮረብታውን ሸፍነውታል፤ ከዚያ ቁልቁል ሲያዩ የወይን ማሳው ይታያል። የወይን ቅምሻው በረንዳ ግን ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሮ ነው የተሠራው።

፫. ጫካው

ሳፋሪው የጉዞው ዘውድ ነው፤ የዝምታውም እንዲሁ።

በ1898 የፖል ክሩገር መንግሥት በሳቢ ወንዝ አካባቢ የአደን ክልከላ አወጀ። ያወጀበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ነጭ አዳኞች በጠመንጃ አውሬውን ሊጨርሱት ደርሰው ነበር። ቅጣቱን የተቀበለው ግን ሌላ ሰው ነው። በ1902 የተሾመው የክልሉ ጠባቂ ጄምስ ስቲቨንሰን ሃሚልተን በመሬቱ ላይ ይኖሩ የነበሩትን አፍሪካውያን ማስወጣት ጀመረ። ሕዝቡ ስም አወጣለት፤ “ስኩኩዛ”። ትርጉሙ ጠራርጎ የሚያጸዳ፣ ሁሉን የሚገለባብጥ ማለት ነው።

ዛሬ የፓርኩ ዋና ካምፕ ስሙ ስኩኩዛ ነው። ቱሪስቱ ከኬፕ ታውን መጥቶ የሚያርፍበት አውሮፕላን ማረፊያም ስኩኩዛ ነው። ሰዎች ስለተባረሩበት ምሬት ያወጡት ስም በሻንጣ መለያ ወረቀት ላይ ታትሞ ከሻንጣው ጋር ይጓዛል፤ ትርጉሙን የሚጠይቅ የለም።

በ1926 ክሩገር ብሔራዊ ፓርክ ተመሠረተ። ስፋቱ ወደ 20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ እስራኤልን የሚያክል ምድር ነው። ከዚያ 13 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1913፣ የወጣው የመሬት ሕግ ለጥቁሩ ሕዝብ የተወለት ከአገሪቱ መሬት 7 በመቶውን ገደማ ብቻ ነበር፤ በ1936 ወደ 13 በመቶ ከፍ ተደረገ። አብዛኛው ሕዝብ በዚህች ቁራጭ ላይ ተጨናንቆ ሳለ ለአውሬው የተሰጠውን ስፋት ያየ ሰው፣ የጥቁር ገጠሬ በፓርኩ ላይ ያለውን ቂም “የግንዛቤ እጥረት” ብሎ አይጠራውም። በአፓርታይድ ዘመን ጥቁር ሰው ወደ ፓርኩ የሚገባው ባብዛኛው ሠራተኛ ሆኖ ነበር፤ በካምፖቹ እንደ ነጩ ማደር አይፈቀድለትም።

ማባረሩም በ1902 አላበቃም። በ1969 በፓርኩ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሊምፖፖና ሉቩቩ ወንዞች በሚገናኙበት ፓፉሪ፣ ይኖሩ የነበሩ 3,000 ገደማ የማኩሌኬ ሰዎች በመሣሪያ ተገደው ተነሱ። ቤታቸውን በገዛ እጃቸው እንዲያቃጥሉ ተደረገ። መሬታቸው ወደ ፓርኩ ተጠቃለለ። ከዚያ በኋላ የተነሳ ፎቶ ሁሉ የሚያሳየው “ሰው ያልረገጠው” ምድር ነው።

በሳፋሪው መኪና አፍንጫ ላይ በተገጠመች ወንበር የሚቀመጥ ሰው አለ፤ ዱካ አንባቢው። ባብዛኛው የአካባቢው የሻንጋን ተወላጅ ነው። ደረቅ አፈር ላይ ያለች ጭረት አይቶ ነብሩ ከስንት ሰዓት በፊት በየት በኩል እንዳለፈ ይናገራል። እንግዳው በችሎታው ይደነቃል። ይህ ዕውቀት ከየት መጣ ብሎ ግን አይጠይቅም። መጽሐፍ ላይ የሚገኝ አይደለም፤ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ነው። አባቶቹ ይህን መሬት እንደ እጃቸው መዳፍ ያወቁት ስለኖሩበት ነው። ጫካው “ሰው ያልነካው” ከሆነ የዱካ አንባቢው ዕውቀት ተአምር ነው ማለት ነው።

፬. የተከላካዮቹ ክርክር

ይህን ዓይነት ትችት የሚሰሙ ሰዎች መልስ አያጡም። መልሶቻቸውም ሁሉም ከንቱ አይደሉም።

አንደኛው፦ “ሥራ ይፈጥራል።” ይፈጥራል። ከሠራተኛው ሲሶ ያህሉ ሥራ አጥ በሆነበት አገር አንድ ደመወዝ ብዙ አፍ ይመግባል፤ ይህን የሚንቅ ሰው ተርቦ አያውቅም። ግን ሥራ መስጠትና መሬት መመለስ ሁለት የተለያዩ ዕዳዎች ናቸው። ቤትህን የወሰደብህ ሰው በቤትህ ውስጥ ዘበኛ አድርጎ ቢቀጥርህ ደመወዙ የቤቱ ዋጋ አይደለም።

ሁለተኛው፦ “አጥሩ ባይኖር አውራሪሱ ያልቅ ነበር።” አውራሪስን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ክሩገርም በአደን ብዙ አውራሪስ አጥቷል። ይሁን እንጂ አውሬውን በመጀመሪያ ወደ መጥፋት ያደረሰው ማን እንደሆነ መርሳት አይገባም። ነዋሪውን ጠላት አድርጎ የጀመረ ጥበቃ፣ ዛሬ ያ ነዋሪ ለምን ከጠባቂው ጎን አልቆመም ብሎ ለመገረም መብት የለውም።

ሦስተኛው፦ “ጥቂት ሰው፣ ብዙ ገንዘብ፤ ለአካባቢ የሚበጀው ይህ ነው።” በወረቀት ላይ እንዲያ ነው። በ2018 መጀመሪያ ግን ኬፕ ታውን ውኃ ሊያልቅባት ሲል የከተማው ነዋሪ በቀን በ50 ሊትር ብቻ እንዲኖር ታዘዘ። ያን ጊዜ ብዙ የከተማው ሰው አንድ ነገር ተገለጠለት፦ በቆርቆሮ ቤት ያለው ድሃ ከጋራ ቦኖ በጀሪካን እየቀዳ ድሮም የሚኖረው በዚያ ልክ ነበር። የውኃው እጥረት አዲስ የሆነው የመዋኛ ገንዳ ላለው ሰው ብቻ ነው።

፭. ማኩሌኬ የመለሱት መልስ

እስካሁን ያለው ወቀሳ ብቻ ቢሆን ኖሮ መደምደሚያው “አትሂዱ” ይሆን ነበር። የማኩሌኬ ሰዎች ግን ከዚህ የተሻለ መልስ ሰጥተዋል።

አፓርታይድ ወድቆ በ1994 የመሬት ማስመለሻ ሕግ ሲወጣ ማኩሌኬዎች የይገባኛል ጥያቄ አቀረቡ። ብዙ የተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎች ደነገጡ፤ መሬቱ ከተመለሰላቸው ከብት ያሰማሩበታል፣ ዛፉን ይቆርጡታል፣ አውሬውን ይበሉታል ተባለ። በ1998 ወደ 24,000 ሄክታር የሚጠጋው መሬት በስማቸው ተመለሰ። ምን አደረጉ? መሬቱ የፓርኩ አካል ሆኖ እንዲቀጥል ተስማሙ። አስተዳደሩን ከብሔራዊ ፓርኮች ባለሥልጣን ጋር በጋራ ያዙ። ቱሪዝሙ ግን የእነሱ ሆነ፤ ሎጅ መሥራት የሚፈልግ ባለሀብት ከእነሱ ይከራያል፣ ለእነሱ ይከፍላል። አንበሳው አልጠፋም፤ ጫካው አልተመነጠረም። የተለወጠው የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ነው።

ሁሉ ነገር አማረ ለማለት አይደለም። ማኩሌኬዎች ወደ መሬቱ ተመልሰው አይኖሩበትም፣ አያርሱበትም፤ የስምምነቱ ዋጋ ይህ ነው። በ2020 ወረርሽኙ በረራ ሲያቆም ሎጆቹ ባዶ ሆነው ገቢው ደርቋል። በሌላ ቦታም ትምህርት አለ። በ2013 መንግሥት በሳቢ ሳንድ አካባቢ ያለውን ማላማላ የተባለ የግል ክልል ከ1 ቢሊዮን ራንድ በላይ ከፍሎ ለተፈናቃዮቹ መለሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን ገንዘቡ የት እየገባ ነው የሚል ክርክር በማኅበረሰቡ ውስጥ ተነሳ። መሬት መመለስ ሐቀኛ አስተዳደርን በራሱ አይወልድም። ሆኖም ባለቤት ሆኖ ስለ ሒሳብ መጨቃጨቅና ባለቤት ሳይሆኑ ጉርሻ መጠበቅ ሰማይና ምድር ናቸው።

የሚያሳዝነው ከማኩሌኬ በኋላ የሆነው ነው። ምሳሌው ሠርቶ እያለ፣ በክሩገር ላይ የቀረቡ ሌሎች የይገባኛል ጥያቄዎች መሬቱን በመመለስ ሳይሆን በካሳ እንዲዘጉ መንግሥት ወሰነ። ነጻ አውጪው መንግሥት ራሱ አጥሩን ወደደው።

፮. ለኢትዮጵያ አንባቢ

ኢትዮጵያውያን ደቡብ አፍሪካን በሌላ በር ያውቋታል። አሜሪካዊና እንግሊዛዊ ያለ ቪዛ 90 ቀን ይገባባታል፤ ኢትዮጵያዊ ግን ቪዛ ይጠየቃል። ስለዚህ የሆሳዕናና የዱራሜ ወጣት በሞያሌ ወጥቶ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን ወይም ሞዛምቢክን በጭነት መኪና እያቆራረጠ ይጓዛል። መጋቢት 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ የአገሪቱ ባለሥልጣናት ተናገሩ። የደረሰውም በጥቁሮች ሰፈር ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ከሽቦ መስኮት ጀርባ ዳቦና የሞባይል ካርድ ይሸጣል፤ በ2008፣ በ2015፣ በ2019 እንደታየው ቁጣ ሲነሳ ሱቁ ይዘረፋል፣ ሕይወቱም ያልፋል። ያ ቁጣ ግፍ ነው፤ ሰበብ ሊሆንለት የሚችል ነገር የለም። ነገር ግን መሬቱን፣ ወይኑንና ጫካውን በአጥር ማዶ የሚያይ ሕዝብ፣ አጥሩ ላይ መድረስ ሲያቅተው እጁ የሚደርሰው በአጠገቡ ባለው ደሃ ላይ ነው። ማንዴላ በ1962 መጥቶ በኮልፌ የወታደር ሥልጠና የወሰደባት አገር ልጆች የዚህ ሰለባ መሆናቸው የታሪክ ምፀት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ይበልጥ ቅርብ ነው። ኢትዮጵያም የቅንጦት ሎጅ መንገድ ጀምራለች። በገበታ ለሀገር ጎርጎራ፣ ወንጪና ኮይሻ ለምተዋል። ማልማቱ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጥያቄው ከደቡብ አፍሪካ የቱን ክፍል እንቅዳ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1996 ዩኔስኮ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባው፤ በ2017 ወጣ። በመሐሉ፣ በ2016፣ ግጭ የተባለው መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ ተነስተው ደባርቅ ሰፈሩ። ካሳም ቤትም ተሰጥቷቸዋል። ዋልያው ተርፏል፤ ደስ ይላል። ግን አንድ ቱሪስት በስሜን በሚያድርባት በእያንዳንዷ ሌሊት የግጭ ሰው ድርሻው ምንድን ነው? የአንድ ጊዜ ካሳ ተበልቶ ያልቃል፤ ተራራው ግን ለዘላለም ይሸጣል።

ለማኩሌኬዎች ሕግ በር ከፍቶላቸው ነበር። መሬቱ የእኛ ነበር ብለው ሊሟገቱበትና በስማቸው ሊመለስ የሚችልበት ሥርዓት ነበር። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ገበሬው የመጠቀም መብት እንጂ የባለቤትነት ወረቀት የለውም። ደቡብ አፍሪካዊው ወይን ለቃሚ ቢያንስ የሚሟገትበት የክፍያ ወለል አለው፤ በኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ እስካሁን የለም። ስለዚህ “እንደ ደቡብ አፍሪካ እንሁን” የሚል ባለሥልጣን የሚያመጣው ሎጁን ብቻ ከሆነ፣ የሚያመጣው አጥሩን እንጂ ሕጉን አይደለም።

ከዚህ ወዲያ ማንኛውም የቅንጦት ሎጅ፣ በሳቢም ይሁን በስሜን፣ ከምርቃቱ ሪባን በፊት ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ቀድሞ እዚህ ይኖር የነበረው ሰው ዛሬ የት ነው? በመሬቱ ወረቀት ላይ የማን ስም አለ? ከእያንዳንዱ ሌሊት ክፍያ ለዚያ ሰው ስንት ይደርሰዋል፣ ሒሳቡንስ ማን ያየዋል? መልሱ በአደባባይ ከተነገረ እንግዳው በደስታ ይምጣ፣ ይብላ፣ ይጠጣ፣ አንበሳውንም ይይ።

መልስ ከሌለ ግን ተረቱ አስቀድሞ ተነግሯል፦ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።